በፖሊመር ቁሶች ላይ የዶክትሬት ጥናት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፖሊመር ቁሶች ላይ ሦስተኛ ዲግሪ ለመሥራት ያሰቡ ወይም የጀመሩ የደሴና የኮምቦልቻ መምህራን፣ የፋብሪካ ባለሙያዎችና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መመሪያ አይደሉም፤ ደንብን በሚመለከት የሚገዛው የተመዘገባችሁበት ተቋም ሕግ ነው። የቀረው ከፖሊመር ሥራ ባሕርይ የሚመነጭ ስለሆነ የትም ብትማሩ ያገለግላችኋል ብዬ አምናለሁ።

ፖሊመር ላይ የሚሠራ የዶክትሬት ተማሪ ቀኑን በምን ያሳልፋል?

ፖሊመር ትናንሽ ሞለኪውሎች እየተያያዙ የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ስታውዲንገር ይህን ሐሳብ በ1920 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1953 ነው። ዛሬ ውኃ የምንቀዳበት ጄሪካን፣ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ እህል የምንቋጥርበት ማዳበሪያ፣ ጥጡና ቃጫው ሁሉ የዚህ ሰንሰለት ልጆች ናቸው። ጄሪካኑና ፌስታሉ ሁለቱም በመሠረቱ ፖሊኢቲሊን ሆነው ሳለ አንዱ ሃያ ሊትር ውኃ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፣ ሌላው በጣት ይቀደዳል፤ ልዩነቱ ያለው በሰንሰለቶቹ ርዝመትና ቅርንጫፍ፣ በአሠራራቸውና በውፍረታቸው ነው። የተማሪው ጥያቄም በተለያየ መልክ ይኸው ነው፦ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ነገር በእጃችን ከምንይዘው ቁስ ጠባይ ጋር የሚያያዘው በምን በኩል ነው?

ይህን ለመመለስ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው በመመዘን፣ በማድረቅ፣ በማዋሐድ፣ በመቁረጥና በመመዝገብ ነው። ማሽኑ ውጤት የሚሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ናሙና ግን የሳምንታት ታሪክ አለው። ያ ታሪክ ካልተጻፈ ቁጥሩ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። የፖሊመር ቡድን ውስጥ ጥሩ ተማሪ ማን እንደሆነ የሚለየው ከምንም በላይ በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ስለዚህም ነገሩ ከታች በብዙዎቹ መልሶች ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ነው (ወይም ቴክስታይል፣ ወይም ሜካኒካል)። ይቀበሉኛል?

ሦስቱም በር ናቸው። ከኬሚስትሪ የመጣ ተማሪ ሰንሰለቱን መሥራት ያውቃል፣ የጉተታ ኩርባ (ቁሱ ሲሳብ እስኪበጠስ የሚሰጠውን የኃይልና የመለጠጥ ሥዕል) ማንበብ ግን ይቸግረዋል፤ ከሜካኒካል የመጣው በተቃራኒው ነው። ከቴክስታይል የመጣ ተማሪ ደግሞ ሌሎቹ ዘግይተው የሚማሩትን አንድ ነገር ይዞ ይገባል፦ ክር እንደ አየሩ እርጥበት ጠባዩን እንደሚለውጥ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቃል። የጎደለውን ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት መውሰድ የተለመደ ነው።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ይህን ምርምር መሥራት ይቻላል ወይስ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው?

ብዙው ይቻላል፤ ሁሉም ግን አይቻልም። ቃጫ መፋቅና ማጠብ፣ በኮስቲክ ሶዳ ማከም፣ ማድረቅ፣ ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) ጋር በቅርጽ ማውጫ መጫን፣ እፍጋትና ውኃ የመምጠጥ መጠን መለካት ይህን ያህል ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ በመሆኗ ክርና ጨርቅ ስበው የሚበጥሱ መፈተሻዎችና እነሱን ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ፤ ብዙ የዶክትሬት ተማሪ እነዚህን ሰዎች ሳያማክር መቅረቱ ትልቅ ኪሳራ ነው። የሙቀት ትንተና፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና የሰንሰለት ርዝመት ልኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አዳማ ወይም ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ አገር ናሙና መላክን ይጠይቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የአካባቢው የትምህርትና የኢንዱስትሪ ተቋማት ዘረፋና ውድመት እንደደረሰባቸውም መዘንጋት የለበትም፤ የጠፋ መሣሪያ ባንድ ዓመት አይተካም።

ናሙና መላክ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዲኤስሲ በተባለው፣ ናሙናን እያሞቀ በሚለካ ማሽን የሚመረመረው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ሃያ ሠላሳ የጤፍ ፍሬ የሚመዝነውን ያህል ብቻ ነው። ከአንድ ኪሎ ውህድ (ለምሳሌ ቃጫና ፕላስቲክ ተቀላቅለው ከሚሠሩት ቁስ) ውስጥ ያቺ ቁራጭ ከየትኛው ጥግ እንደተቆረጠች ካልታወቀ ውጤቱ የሚናገረው ስለ ቁራጯ እንጂ ስለ ውህዱ አይሆንም። ስለዚህ ከሦስት ቦታ ይቆረጥ፤ እያንዳንዱ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በደንብ በሚዘጋ ከረጢት ይግባ፤ ከረጢቱ በሌላ ከረጢት ይደገም። መለያው በእርሳስ በወረቀት ላይ ተጽፎ በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ይቀመጥ፤ ማርከር በአሴቶን በነካ ጓንት አንዴ ሲነካ ይለቅቃልና። የናሙናው ግማሽ ምን ጊዜም እዚሁ ይቅር። የላካችሁለት ባለሙያ ቁሱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥና እንደሚበላሽ፣ የሚያስነሳው ጋዝ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህን ጽፎ የሚልክ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜም በደስታ ይስተናገዳል።

የአካባቢው ከፍታና የአየር ጠባይ በሙከራ ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከሚጠበቀውም በላይ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውኃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቤት ውስጥ ይህ የሚታወቀው ሽሮውና ባቄላው ሲዘገይ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን መሟሟያን እያፈሉ የሚሠሩትን ሁሉ ይነካል። ቶሉዊን የተባለው መሟሟያ በባሕር ጠለል በ110.6 ዲግሪ ሲፈላ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 103 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዲህ ከአንድ የውጭ ጆርናል የተወሰደ አሠራር «ቶሉዊኑ እየፈላ ለስድስት ሰዓት» ቢል፣ እዚህ ያንኑ ስድስት ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ሰባት ዲግሪ በሚያህል የቀዘቀዘ ምላሽ እየሠራ ነው፤ ምርቱ ቢያንስ ወይም ሰንሰለቱ ሌላ ርዝመት ቢይዝ ሊደነቅ አይገባውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ፈላ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ቴርሞ ሜትሩን ፈሳሹ ውስጥ አግብቶ የታየውን ዲግሪ መጻፍ።

እርጥበት ሁለተኛው ጉዳይ ነው። የቴክስታይል ሙከራ የሚደረገው በ20 ዲግሪና በ65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት፣ የፕላስቲክ ሙከራ ደግሞ በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እንዲሆን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ያዛሉ። ጥጥ በቴክስታይሉ ሁኔታ ሲቀመጥ ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል፤ ፖሊኤስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። ቃጫ ከጥጥም በላይ ይጠጣል። በሐምሌና በነሐሴ ክረምት የተዘጋጀ የቃጫ ውህድ ከጥር ፀሐይ ከተዘጋጀው ጋር ሲነጻጸር የታየው ልዩነት ከሕክምናው ይሁን ከወቅቱ የሚለየው የማድረቂያው ሰዓትና የክፍሉ እርጥበት በየቀኑ ከተጻፈ ብቻ ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ መልሶ ለማቅለጥ የሚነሱ ተማሪዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉ። የጠርሙሱ ቁስ ፔት ነው፤ የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ የቀረ ውኃ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ስለዚህም ከመቅለጡ በፊት እርጥበቱ ከ0.005 በመቶ በታች እስኪወርድ በደረቅ ሙቅ አየር ለሰዓታት መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ አስጥቶ የደረቀ የሚመስል ፔት አልደረቀም።

ርዕስ እንዴት ልምረጥ?

በቅርቡ አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው ርዕስ በተፈጥሮ የሚበሰብስ ፌስታል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከረጢቶችን ከከለከለ ወዲህ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት በፌስታል ላይ የጠነከረ ክልከላ ያለበትን አዋጅ አጽድቋል። ፍላጎቱ መልካም ነው። ጥያቄው ግን መጥበብ አለበት። ከስታርችና ከግሊሰሪን የሚሠራ ፊልም በተሠራ ማግሥት ለስላሳ ሆኖ ይሳባል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ሰንሰለቶቹ መልሰው ይደረደሩና ይደርቃል፣ ይሰባበራል፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይልማል። «የሚበሰብስ ፌስታል ሠራሁ» ከማለት «ይህ ፊልም በስንተኛው ሳምንት፣ በምን ያህል እርጥበት ጠባዩን ይለውጣል፣ ለምንስ?» ማለት የዶክትሬት ጥያቄ ነው። ፒኤልኤ የተባለውን ከዕፅዋት የሚሠራ ፕላስቲክም እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ፤ እሱ በፍጥነት የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው፣ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቢጣል ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ሌላው ዘወትር የሚነሳው ርዕስ የቃጫ ውህድ ነው፤ የአጥሩ ቃጫ በቅርብ ስላለ ለአካባቢያችን ይስማማል እላለሁ። ሥራው ሲቀርብ እንዲህ ነው፦ ቃጫው ለምሳሌ በ5 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ የቃጫውን ክሮች የሚያያይዙት ሄሚሴሉሎሱና ከፊል ሊግኒኑ ይለቅቃሉ፤ ውኃው ቡናማ ይሆናል፤ ቃጫው መታጠቢያው ውኃ ገለልተኛ እስኪሆን ይታጠባል። ኤፍቲአይአር በተባለው፣ ቁስን በኢንፍራሬድ ብርሃን በሚመረምር መሣሪያ ሲታይ ባልታከመው ቃጫ ላይ በ1735 ዌቭ ነምበር አካባቢ የነበረው ጉብታ ይጠፋል ወይም ይደክማል፤ ሬዚኑም ሻካራ የሆነውን ገጽ ይበልጥ ይይዛል። ብጥብጡ ሲበረታ ግን ቃጫው ራሱ ይጎዳል። ይህን ብዙ ሰው ሠርቶታል፤ ስለዚህ አዲስነቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ለምሳሌ በእርጥበት ብዙ ወራት ከቆየ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ ወይም ከ200 ዲግሪ በላይ ቃጫው መቃጠል ስለሚጀምር በየትኛው ፕላስቲክ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል።

ከፋብሪካ ጋር መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ኮምቦልቻ ለዚህ የተመቸች ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቆዳ ሥራውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይቀመጡ፦ ፋብሪካው የሚሰጠው ቁስ ከየትኛው የምርት ዙር እንደሆነ፣ ውጤቱ በጆርናል ሊታተም እንደሚችል፣ የፋብሪካው ስም እንዲወጣ ይፈቀድ እንደሆነ። በቃል የተባለው ኃላፊው ሲቀየር ይጠፋል። የፋብሪካ ተረፈ ምርት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከአንድ ቀን ምርት ብቻ አትውሰዱ፤ የቀለሙና የዘይቱ መጠን ከዙር ወደ ዙር ይለያያል።

ስንት ዓመት ይፈጃል? ወጪውስ?

በደንቡ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ በሙከራ ላይ የተመሠረተ ሥራ ግን ማለፉ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች በመምህርነት የተቀጠሩበት ዩኒቨርሲቲ ልኳቸው፣ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ የሚማሩ ናቸው። የድኅረ ምረቃ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍም ያስፈልጋል። የኬሚካልና የናሙና ምርመራ በጀት በፕሮፖዛሉ ውስጥ ካልገባ በኋላ ከኪስ ይወጣል።

ቡድን ውስጥ መሥራት ለምን ይጠቅማል? የጽሑፍ ባለቤትነትስ እንዴት ይወሰናል?

በፖሊመር ሥራ ብቻውን የሚጨርስ ተማሪ ብዙም አይገኝም። አንዱ ሰንሰለቱን ያዘጋጃል፣ ሌላዋ ትቀርጻለች፣ ሦስተኛው ይጎትታል፤ አንድ ማሽን ሲበላሽ ምክንያቱን የሚያውቀው ከእናንተ በፊት የተጠቀመበት ነው። ስለዚህ በደንብ የሚሠራ ቡድን የጋራ መዝገብ አለው፦ ማሽኑን ማን፣ መቼ፣ በምን ቁስ ተጠቀመ፣ ምን አየ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ፒቪሲ አቅልጦ ካለፈ፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቅሪት የእናንተን ናሙና ሊያበላሽ ይችላል፤ ይህን የሚነግራችሁ መዝገቡ ብቻ ነው።

ስም የሚገባበት ቅደም ተከተል ከሥራው በፊት ይነገር። በእኛ ባህል ከአማካሪ ጋር ስለዚህ ማውራት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ሆኖም «መምህር፣ ይህ ጽሑፍ ሲወጣ የእያንዳንዳችን ድርሻ ምን ይሆናል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ዘግይቶ የሚመጣ ቅሬታ ከዚህ ይከፋል። ናሙናውን በትጋት ያዘጋጀ የቤተ ሙከራ ባለሙያም ቢያንስ በምስጋናው ክፍል ስሙ ሊቀር አይገባም፤ ከዚያም በላይ የሚገባው ጊዜ አለ። ለማተም ሲደረስ ገንዘብ ተቀብለው ሁሉን የሚያትሙ ጆርናሎችን ሽሹ፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ የትኞቹን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጤናዬን የሚጎዳ ነገር አለ?

አለ፤ በዚህ ላይ ቸልታ አያስፈልግም። ኮስቲክ ሶዳ ሲሟሟ ይሞቃል፤ ሶዳውን ቀስ እያሉ ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃ በሶዳው ላይ አይፈስስም። ዓይን ላይ ከረጨ ዕውር ያደርጋልና መነጽር ሳይደረግ ክዳኑ አይከፈት። በፖሊኤስተር ሬዚን የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ተጨማሪ ፈሳሾች ይይዛሉ፣ የኮባልት አፋጣኝና ፔሮክሳይድ ማጠንከሪያ፤ እነዚህ ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ። አፋጣኙ አስቀድሞ ሬዚኑ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቀላቀል፣ ፔሮክሳይዱ በኋላ ይግባ፤ ሁለቱ ጠርሙሶችም በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ። ኢፖክሲ በትልቅ ዕቃ ብዙ ተደርጎ ከተቀላቀለ በራሱ ሙቀት ይጨሳል፤ በትንሽ በትንሹ ይሠራ።

ደረቅ ቃጫ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ጭምብል ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ተማሪ በመሟሟያ ሥራ ላይ እንዳትቀጥል ቡድኑ ሥራውን ሊተካላት ይገባል፤ ይህ ልመና መሆን የለበትም። ከተመደበበት ሰዓት ውጭ ማንም ብቻውን ቤተ ሙከራ አይግባ።

ሙከራ መሐል መብራት ቢሄድስ?

ሰዓቱን ጻፉ። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ኦቨን ውስጥ ያለ ናሙና ስንት ሰዓት በስንት ዲግሪ እንደቆየ ካልታወቀ ይጣል፤ ማዳን አይቻልም። ማቅለጫ ማሽን ውስጥ የቀረ ፕላስቲክ መብራት ሲመለስ እንደገና ይሞቅና ይበላሻል፤ በንጹሕ ፖሊኢቲሊን አስወጥቶ ማጽዳት ያስፈልጋል። ረጅም ሙከራዎችን መብራት እምብዛም በማይጠፋበት የቀን ክፍል ማስያዝ የሚቻለው ለጥቂት ሳምንታት መዝገብ ከያዙ በኋላ ነው።

ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ መሥራት እችላለሁ?

ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው በሚኒባስ ይመላለሳል። ነገር ግን በመሐል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ በክረምት ጉም ይወርዳልና ከምሽቱ የሚያልቅ ሙከራ ያለበት ቀን ኮምቦልቻ የሚታደርበት ቦታ ይኑራችሁ።

ውጤቱ ከጠበቅሁት ተቃራኒ ቢወጣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ናሙናው ምን እንደሆነ አረጋግጡ። የታከመው ቃጫ ካልታከመው ደክሞ ከተገኘ፣ በእርግጥ የታከመው ነውን? ስንት ጊዜ ታጥቧል? መቼ ደረቀ? ከስንት ናሙና ነው አማካዩ የተወሰደው፣ ስርጭቱስ ምን ያህል ነው? የተፈጥሮ ቃጫ ከቅጠል ቅጠል፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይለያያል፤ አምስት ቁራጭ ጎትቶ መደምደም አይቻልም። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ውጤቱ ያው ከሆነ፣ ያ ውጤት ነው፤ እንዲስማማ ተብሎ አንዲት ቁጥር አትነሳ። አማካሪያችሁ ከተጠበቀው ውጭ የወጣውን ቁጥር በመጀመሪያው ሳምንት ቢሰሙት የሚረዱበት መንገድ አላቸው፤ በዲፌንሱ (ሥራችሁን ለፈታኞች በምታቀርቡበት ቀን) ዋዜማ ከሰሙት ግን ምንም ማድረግ አይችሉም።

ከመመዝገቤ በፊት ባሉት ወራት ምን ላዘጋጅ?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ልትሠሩበት ያሰባችሁትን ቁስ አንድ ኪሎ ያህል ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ሰብስባችሁ የት፣ መቼ፣ ከየትኛው ተክል ወይም ከየትኛው የምርት ዙር እንደሆነ ጻፉና ደረቅ ቦታ ላይ በደንብ ዘግታችሁ አስቀምጡ፤ ክብደቱን ዛሬ፣ ከክረምቱ በኋላም መዝኑ። ሁለተኛ፣ ገጹ ቁጥር ያለው፣ የተሰፋ፣ ቅጠሉ የማይነቀል ጠንካራ ደብተር ግዙ፤ ቀለሙ በውኃ በማይለቅቅ እስክሪብቶ ይጻፍበት፣ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። አማካሪ ለማነጋገር ስትሄዱ ይህን ደብተርና ያችን ኪሎ ቁስ ይዛችሁ ሂዱ።